ኤልሳትን በእንግሊዝኛ አንብቡ፣ ስህተታችሁን በአማርኛ መርምሩ

ኤልሳት ስለ ሕግ አንድም ጥያቄ አይጠይቅም። የአሜሪካና የካናዳ የሕግ ትምህርት ቤቶች ተማሪ የሚመርጡበት ፈተና ሆኖ ሳለ፣ አምስት ዓመት ሕግ የተማረም ነርሲንግ የተማረም እኩል ናቸው። የሚፈልገው የተጻፈውን አጥርቶ ማንበብንና ከተጻፈው ምን እንደሚከተል፣ ምን እንደማይከተል መለየትን ብቻ ነው። በሽምደዳ ጎበዝ የነበረ ተማሪ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው፤ የሚሸመድደው ነገር አያገኝም።

አማርኛ አፉን የፈታበት ተፈታኝ ብዙ ጊዜ «በአማርኛ ማሰብህን ተው» ሲባል ይሰማል። ምክሩ ግማሽ እውነት አለው። ሰዓት እየሮጠ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ክፍሉን ሳይጨርስ ጊዜው ያልቃል። ስህተት በሚመረመርበት ሰዓት ግን አማርኛ ከማንኛውም ውድ ኮርስ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። «ይህ ምርጫ ለምን ስህተት ሆነ?» ለሚለው ጥያቄ በእንግሊዝኛ ስትመልሱ ቃላቱን ከማብራሪያው ላይ ቀድታችሁ የገባችሁ ሊመስላችሁ ይችላል። በአማርኛ ለታናሽ እህት እንደምታስረዱ አድርጋችሁ ስትጽፉ ግን መሸሸጊያ የለም። ወይ ገብቷችኋል ወይ አልገባችሁም።

ከሁሉ በፊት ግን ፈተናው የሚያስፈልጋችሁ መሆኑን አረጋግጡ። ከኢትዮጵያ የሕግ ዲግሪ ይዞ የመጣ ሰው ኤልኤልኤም (የሕግ ማስተርስ) ለመግባት ኤልሳት አይጠየቅም፤ እንደ ኒው ዮርክ ባሉ ግዛቶች ደግሞ መስፈርቱን ያሟላ ኤልኤልኤም የጠበቃነት ፈተና ለመቀመጥ ሊያበቃ ይችላል። ኤልሳት የጄዲ፣ ማለትም ጠበቃ ለመሆን የሚማሩት የሦስት ዓመት የሕግ ዲግሪ፣ መግቢያ ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች በምትኩ ጂአርኢ የተባለውን አጠቃላይ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ይቀበላሉ። የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በኢትዮጵያ ለሠሩ ጄዲ አመልካቾች ኤልሳት ይበልጥ ክብደት የሚያገኝበት ምክንያትም አለ። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ድርጅት፣ ኤልሳክ፣ ከአሜሪካና ከካናዳ ውጭ የተገኘን ውጤት ወደ አሜሪካ ጂፒኤ አይቀይረውም፤ «ከአማካይ በላይ» በሚል ዓይነት ደረጃ ብቻ ይገልጸዋል። ስለዚህ አስመራጩ ከሌሎች አመልካቾች ጋር ቁጥር ለቁጥር ሊያወዳድር የሚችልበት ዋናው ነገር የኤልሳት ውጤታችሁ ይሆናል።

ፈተናው አራት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ 35 ደቂቃ ነው። ሁለቱ ሎጂካል ሪዝኒንግ (አጫጭር ክርክሮችን መመርመር)፣ አንዱ ሪዲንግ ኮምፕሪሄንሽን (ረዘም ያለ ምንባብ መረዳት) ነው። አራተኛው ከሁለቱ ዓይነት የአንዱ ሆኖ ነጥብ አይያዝበትም፤ አዳዲስ ጥያቄዎች የሚሞከሩበት ነው። የትኛው እንደሆነ ማንም አይነግራችሁም፤ «ይሄኛው የሙከራው ነው» ብሎ መዘናጋት ዋጋ ያስከፍላል። ከሁለተኛው ክፍል በኋላ 10 ደቂቃ ዕረፍት አለ። ሎጂካል ሪዝኒንግ በአንድ ክፍል 25 ገደማ ጥያቄ፣ ሪዲንግ አራት ምንባብና 27 ገደማ ጥያቄ ይይዛል። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማይቀነስ ባዶ የሚተው ጥያቄ መኖር የለበትም። ውጤቱ ከ120 እስከ 180 ይሰጣል፤ መሀሉ ከ150 ጥቂት ከፍ ይላል።

ሎጂክ ጌምስ የሚባለው የእንቆቅልሽ ክፍል ከኦገስት 2024 ጀምሮ ቀርቷል። መነሻው ማየት የተሳናቸው ተፈታኞች ያቀረቡት ክስ በ2019 በስምምነት ማለቁ ነው፤ ጥያቄዎቹን ሥዕል ሳይሥሉ መሥራት አስቸጋሪ ነበርና። ከዚያ በፊት የታተመ መጽሐፍ ከሰው ስትቀበሉ ወይም አሮጌ ስትገዙ ያንን ምዕራፍ እለፉት። አንዳንዱ መጽሐፍ ከግማሽ በላይ እሱው ነው።

የምትለማመዱበት ጥያቄ እውነተኛ ይሁን፤ ከዚህ ቀደም በፈተና ላይ የወጣ ማለቴ ነው። ሌሎች ድርጅቶች አስመስለው የሚያዘጋጁት ጥያቄ ከሩቅ ሲያዩት ይመሳሰላል፤ የተሳሳቱት ምርጫዎች ግን እንደ እውነተኛው በጥንቃቄ የተሸመኑ አይደሉም፤ ዓይንን የተሳሳተ ነገር ያስለምዱታል። እውነተኛዎቹ ሎውሃብ በሚባለው የኤልሳክ ድረ ገጽ ላይ ይገኛሉ። ጥቂት ሙሉ ፈተናዎች በነፃ ይከፈታሉ፤ በዓመት 120 ዶላር አካባቢ ሲከፈል ደግሞ በአዲሱ አቀማመጥ የተዘጋጁ ከ50 በላይ ፈተናዎች ይገኛሉ። ብዙ ይመስላል፤ ግን በየቀኑ አንድ ሙሉ ፈተና የሚወስድ ሰው በሁለት ወር ይጨርሰዋል፣ ውጤቱም ንቅንቅ አይልም። ጥያቄ መሥራት በራሱ አያሻሽልም። የሚያሻሽለው ከተሠራ በኋላ ያለው ሥራ ነው።

ያ ሥራ እንዲህ ይሄዳል። አንድ ክፍል በ35 ደቂቃ ትሠራላችሁ። እየሠራችሁ፣ መቶ በመቶ እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን ጥያቄ ሁሉ ምልክት ታደርጉበታላችሁ። ሰዓቱ ሲያልቅ መልሱን አታዩም። ምልክት ያደረጋችሁባቸውን ያለ ሰዓት ገደብ፣ አንዱን ጥያቄ አሥር ደቂቃ ቢፈጅም፣ እንደገና ትሠራላችሁ፤ የመጀመሪያውን መልስ ሳታጠፉ ሁለተኛውን ጎኑ ትጽፋላችሁ። ከዚያ በኋላ ነው መልሱ የሚታየው። ብላይንድ ሪቪው ይሉታል። አሁን ሁለት ውጤት አላችሁ። በሰዓት 15 አግኝታችሁ ያለ ሰዓት 22 ካገኛችሁ አስተሳሰቡ አላችሁ፤ የቀረው ፍጥነትና መረጋጋት ነው። በሰዓት 15፣ ያለ ሰዓት 16 ከሆነ ግን ችግሩ ሰዓት አይደለም፤ ሰዓት ይዞ መለማመድን ለጊዜው አቁማችሁ ወደ ጥያቄ ዓይነቶቹ መመለስ አለባችሁ። ብዙ ሰው «ሰዓት አነሰኝ» የሚለው ይህንን ሳይለይ ነው።

የስህተት ደብተር ያዙ። ለእያንዳንዱ የሳታችሁት ጥያቄ አራት ነገር በአማርኛ ጻፉ፦ የጥያቄው ዓይነት፣ የመረጣችሁት ምርጫ ለምን ማረካችሁ፣ የትኛው ቃል አበላሸው፣ ትክክለኛው ለምን ትክክል ሆነ። ሁለተኛው ዋናው ነው፤ ሰው ሁሉ የሚዘለውም እሱን ነው። «ሳላስተውል» ብሎ መጻፍ ክልክል ነው፤ ምንም አይነግራችሁም። ገምታችሁ ያገኛችሁትም እንደ ስህተት ይቆጠር፣ ደብተር ውስጥ ይግባ። የ35 ደቂቃ ክፍል ግምገማው ሁለት ሰዓት ቢወስድ አይብዛባችሁ፤ ልኩ ነው።

አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንይ። ክርክሩ እንዲህ ይላል፦ «ከተማው በአምስት ሰፈሮች የመንገድ መብራት ጨመረ። በዓመቱ በእነዚህ ሰፈሮች ለፖሊስ የተመዘገበ የሌሊት ስርቆት ቀነሰ። ስለዚህ ስርቆቱን የቀነሰው መብራቱ ነው።» ጥያቄው ክርክሩን ይበልጥ የሚያዳክመው የትኛው ነው ይላል። አንዱ ምርጫ «አንዳንድ ስርቆቶች ለፖሊስ አይነገሩም» ይላል። ሌላው «መብራት ባልተጨመረባቸው ሰፈሮችም ስርቆት በዚያው መጠን ቀንሷል» ይላል። የመጀመሪያው ብዙ ሰው ይወስዳል፤ እውነት ስለሆነና ቁጥሩን የሚያጠራጥር ስለሚመስል። ግን ያልተነገረ ስርቆት መብራት ከመጨመሩ በፊትም ነበረ፣ በኋላም አለ። የመናገሩ ልማድ እንደተለወጠ እስካልተነገረን ድረስ ቅናሹን አይነካውም። ሁለተኛው ግን መብራት በሌለበትም ያው ነገር መሆኑን በማሳየት የመብራቱን ድርሻ ይሸረሽራል። በደብተራችሁ ላይ የሚገባው ዓረፍተ ነገር ይህን ይመስላል፦ «እውነት የሆነ ነገር አየሁና መረጥኩ፤ ከፊትና ከኋላ ያለውን ልዩነት ያስረዳ እንደሆነ አልጠየቅሁም።»

ያንኑ ክርክር ይዘን ጥያቄው ክርክሩ የግድ የሚያስፈልገው ግምት የትኛው ነው ቢልስ? «መብራት በተጨመረበት ቦታ ሁሉ ስርቆት ይቀንሳል» የሚለው ያምራል። አፍርሱት፣ ማለትም ተቃራኒውን ውሰዱ፤ ክርክሩ አብሮ ከወደቀ የግድ የሚያስፈልገው እሱ ነው፦ «መብራት ተጨምሮ ስርቆት ያልቀነሰበት ቦታ አለ» ይሆናል። ክርክሩ ወደቀ? አልወደቀም። ሌላ ከተማ ባይቀንስም እዚህ መብራቱ ቀንሶት ሊሆን ይችላል። «በዚያ ዓመት የተጨመረ የፖሊስ ጥበቃ ብቻውን ለቅናሹ ምክንያት አልሆነም» የሚለውን አፍርሱት፦ «ጥበቃው ብቻውን ምክንያት ሆኗል»። አሁን መደምደሚያው ተንኮታኮተ። የግድ የሚያስፈልገው ይሄኛው ነበር። የማፍረስ ሙከራው የሚሠራው የግድ አስፈላጊውን ግምት ለሚጠይቁ ብቻ ነው። ክርክሩን ሙሉ በሙሉ የሚያረጋግጠውን ግምት ለሚጠይቁት ብትጠቀሙበት ያሳስታችኋል፤ እዚያ የሚፈለገው ጠንካራው፣ «ሁሉ» የሚለው ምርጫ ሊሆን ይችላል።

አማርኛ ተናጋሪው በተለይ የሚወድቅባቸው ጥቂት ቃላት አሉ፤ እነዚህን ለብቻ አጥንቷቸው።

መጀመሪያ «አንለስ»። ጥሩ አቻ አለው፣ «ካል… በስተቀር»። «ተከራዩ ኪራዩን በወቅቱ ካልከፈለ በስተቀር ውሉ አይቋረጥም።» ከዚህ የሚከተለው ውሉ ከተቋረጠ ተከራዩ በወቅቱ አልከፈለም የሚለው ነው። ተከራዩ ካልከፈለ ውሉ ይቋረጣል የሚለው አይከተልም። በዕለት ንግግራችን ግን ሁለቱንም አቅጣጫ ነው የምንሰማው፤ አከራይ እንዲህ ሲለን ማስፈራሪያውን እንጂ ሎጂኩን አንሰማም። ፈተናው ወጥመዱን የሚዘረጋው እዚህ ነው።

ቀጥሎ «ኦንሊ ኢፍ»። በአማርኛ «ብቻ» ከኋላ ይመጣል፣ የተጠጋውን ቃል ይይዛል፦ «ፈቃድ የሚሰጠው ፈተናውን ላለፈ ብቻ ነው።» ያለፈ ሁሉ ፈቃድ ያገኛል አልተባለም፤ ፈቃድ ያገኘ ሁሉ ግን አልፏል። «ብቻ» የተጠጋው ነገር ግዴታው ነው ብላችሁ ያዙት። በእንግሊዝኛ ኦንሊ ከፊት ስለሚመጣ ዓይን ያመልጠዋል፤ «ዘ ኦንሊ» ሲሆን ደግሞ አቅጣጫው ይገለበጣል። ሲያደናግራችሁ ዓረፍተ ነገሩን በግምገማ ሰዓት ወደ አማርኛ መልሱና «ብቻ»ን የት እንዳስቀመጣችኋት እዩ።

«ሳም» ሌላው ነው። «አንዳንድ» ስንል ሌሎቹ አይደሉም የሚል ጥላ አለው። በኤልሳት ሳም ማለት ቢያንስ አንድ ነው፤ ሁሉም ሊሆን ይችላል። «ሞስት» ከግማሽ በላይ ነው፤ እሱም ሁሉንም አይከለክልም። «ፎር» ደግሞ አንዳንዴ «ምክንያቱም» ማለት ነው፤ ነጠላ ሰረዝ ተከትሎ ሲመጣ ከፊቱ ያለው መደምደሚያ፣ ከኋላው ያለው ማስረጃ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ክርክሩን ገልብጦ ያነበዋል።

ከቃላቱ የሚከፋው ግን አሰላለፉ ነው። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ አንቀጻችንም ብዙ ጊዜ ምክንያቱን ደርድሮ «ስለዚህ» ብሎ ይዘጋል። ጆሯችን ፍርዱን ከመጨረሻው ይጠብቃል። የኤልሳት ክርክር ግን መደምደሚያውን መጀመሪያው ላይ ወይም በመሀል፣ የሌላውን ሰው አስተያየት ከጠቀሰ በኋላ «በት» ብሎ ያስቀምጥና ቀሪውን ማስረጃ ያደርገዋል። ስለዚህ ለሁለት ሳምንት መልስ ሳትመርጡ ይህን ብቻ ተለማመዱ፦ በቀን 20 ክርክር አንብቡ፣ መደምደሚያውን አስምሩበት። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ከዓረፍተ ነገሩ በፊት «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ። ሌሎቹ ዓረፍተ ነገሮች ከመለሱት መደምደሚያው እሱ ነው።

ሌላ ከባህል የመጣ ልማድም አለ። በበላ ልበልሃ ሙግት ያሸነፈ ሰው የሚወደሰው ከውጭ ባመጣው ምሳሌ፣ በተረቱ፣ በአንደበቱ ነው። ይህ ውብ ችሎታ ነው፤ ለጠበቃነትም ይጠቅማል። ኤልሳት ላይ ግን የምታውቁትን ከውጭ ማምጣት ያስቀጣል። ስለ መድኃኒት የተጻፈ ክርክር ላይ ነርሷ፣ ስለ ግብር የተጻፈ ላይ ሒሳብ ሠራተኛው የሚሳሳቱት ለዚህ ነው፤ ወረቀቱ ያላለውን እነሱ ያውቁታል።

ሪዲንግ ላይ አጭር መንገድ አላውቅም። ለአንድ ምንባብ ከነጥያቄዎቹ 8 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ይደርሳችኋል። ከዚህ ውስጥ ሦስት ደቂቃ ተኩል ያህሉን ለንባቡ ስጡ፤ አሯሩጦ አንብቦ በየጥያቄው መመለስ የበለጠ ጊዜ ይፈጃል። በእያንዳንዱ አንቀጽ መጨረሻ ላይ አፍታ ቆም ብላችሁ አንቀጹ ምን ሥራ እንደሠራ በአራት ወይም አምስት ቃል ለራሳችሁ ንገሩ፦ «የድሮውን አስተያየት ነቀፈ»፣ «ማስረጃ ጨመረ»። የጸሐፊውን ስሜት የሚያሳዩ ቃላት ላይ አስምሩ። ከአራቱ አንዱ ሁለት አጫጭር ጽሑፎች ጎን ለጎን የሚቀርቡበት ነው፤ እዚያ ሁለቱ ጸሐፊዎች በምን እንደሚስማሙና በምን እንደሚለያዩ ሳትለዩ ወደ ጥያቄ አትሂዱ። እንግሊዝኛው ሁለተኛ ቋንቋ ለሆነበት ሰው ከፈተና ዝግጅቱ በፊት የአንድ ወይም የሁለት ወር ንባብ ያስፈልገዋል፤ በቀን 30 ደቂቃ፣ ረዘም ያለና ጠጠር ያለ ጽሑፍ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔዎች በነፃ ድረ ገጹ ላይ አሉ፤ አንዱን ወስዶ ዳኛው የማንን ክርክር እያነሳ የማንን እንደሚጥል መከተል ጥሩ ልምምድ ነው። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋ መሆኑ ብቻውን ተጨማሪ ሰዓት አያሰጥም፤ ተጨማሪ ሰዓት የሚሰጠው በማስረጃ ለተደገፈ የጤና ወይም የአካል ጉዳት ምክንያት ነው።

በሎጂካል ሪዝኒንግ ለአንድ ጥያቄ በአማካይ 1 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ነው ያለው። እኩል አታካፍሉት። የመጀመሪያዎቹ አሥር አብዛኛውን ጊዜ ቀለል ይላሉ፤ በ11 ደቂቃ ገደማ ብትጨርሷቸው ከ15ኛው በኋላ ለሚመጡት ከባዶች ጊዜ ይተርፋል። ሁሉም ጥያቄ እኩል ነጥብ ስላለው ሁለት ደቂቃ ሞልቶት እልህ ያስያዛችሁን ጥያቄ ገምታችሁ፣ ምልክት አድርጋችሁ እለፉት። እልህ እዚህ ላይ ሦስት ቀላል ጥያቄ ያሳጣል።

እየሠሩ ለሚማሩ፣ በሳምንት 12 ሰዓት ለስድስት ወር ልከኛ ዕቅድ ነው፤ 300 ሰዓት ገደማ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ያለ ሰዓት፣ አንድ የጥያቄ ዓይነት በአንድ ጊዜ። ሁለቱ ቀጣይ ወራት በሰዓት የሚሠሩ ነጠላ ክፍሎችና ግምገማ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት በሳምንት አንድ ሙሉ ፈተና፣ ከአንድ አይበልጥም። ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ ሙሉ ፈተና መውሰድ ፈተና ማባከን ነው፤ በዚያን ቀን የስህተት ደብተሩን አንብቡና ተኙ። የምትጾሙ ከሆነ የፈተናውን ቀን ከአቆጣጠራችን ጋር አስተያዩት፤ የኦገስቱ ፈተና ፍልሰታ ላይ ሊውል ይችላል፣ የጸደዩ ዐቢይ ጾም ላይ። ጾሙን ሳትፈቱ የምትፈተኑ ከሆነ ልምምዱንም በዚያው ሰዓት፣ በባዶ ሆድ አድርጉት።

ግባችሁን ከወሬ አትውሰዱ። በአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ዕውቅና ያለው ትምህርት ቤት ሁሉ የተቀበላቸውን ተማሪዎች መካከለኛ ውጤት፣ ከሥሩና ከላዩ ያለውን ጭምር፣ በየዓመቱ ያወጣል። ከመካከለኛው በላይ መሆን መግባትን ብቻ ሳይሆን የነፃ ትምህርት ገንዘብንም ይወስናል፤ ሁለትና ሦስት ነጥብ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር የሚሆንበት ጊዜ አለ። በልምምድ ያገኛችኋቸው የመጨረሻዎቹ ሦስት ወይም አራት ውጤቶች ግባችሁ አካባቢ ካልሆኑ ቀኑን አራዝሙ። በአምስት ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ፣ በዕድሜ ልክ ሰባት ጊዜ ብቻ ነው መፈተን የሚቻለው።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ለመፈተን ብቻ ከ200 ዶላር በላይ ነው። ኤልሳክ በገቢ ላይ የተመሠረተ የክፍያ ምሕረት አለው፤ የሎውሃብን የሚከፈልበት አገልግሎትም ለአንድ ዓመት ይጨምራል። ከመመዝገባችሁ በፊት አመልክቱ፤ አንዴ የከፈላችሁት አይመለስም። ከዋናው ፈተና ተለይቶ የሚሰጠውን የጽሑፍ ክፍልም አትርሱ፤ 15 ደቂቃ ማሰቢያ፣ 35 ደቂቃ መጻፊያ አለው። ነጥብ ባይኖረውም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚፈተን ሰው እሱን ካላጠናቀቀ ውጤቱ አይለቀቅለትም።

ስማችሁንም ዛሬውኑ አስተካክሉ። ስትመዘገቡ የምትጽፉት ስም ፈተናው ቀን ከምታሳዩት መታወቂያ ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት፤ ካልገጠመ ላትገቡ ትችላላችሁ። የእኛ ሰው ፓስፖርቱ ላይ የአባቱ ስም መካከለኛ፣ የአያቱ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይወጣል፤ መንጃ ፈቃዱ ላይ አያት ይቀራል፤ ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር የሚመጣው ትራንስክሪፕት ላይ ደግሞ ያው ስም በሌላ እንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎ ይገኛል። ለፈተናው የምትይዙትን መታወቂያ አንድ ምረጡ፣ በእሱ ተመዝገቡ። ትራንስክሪፕቱ ላይ ያለውን ሌላ አጻጻፍ በኤልሳክ መለያችሁ ላይ አሳውቁ። ሰነዱን ዩኒቨርሲቲው ራሱ በቀጥታ መላክ ስላለበት ሬጅስትራሩን ማነጋገር የምትጀምሩት ጥናት በጀመራችሁበት ወር ይሁን፤ ሳምንታት ይፈጃል፣ ማመልከቻው ደግሞ ያለ እሱ አይሞላም።